የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ ያላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ምን አሳቃችሁ?

የሚጡ እናት (ጅማ) · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ አሁን ገና ነው የተኛችው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። የጅማ ልጆች ድምፁን ታውቁታላችሁ።

ስሟን አልጽፍም፣ ሚጡ እንበላት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የሚጥል በሽታ ከጀመራት አምስት ዓመት ሊሞላ ነው። መድኃኒቷን ጠዋትና ማታ ትወስዳለች። ድሮ በሳምንት ሁለት ሦስቴ ይጥላት ነበር። አሁን በወር አንዴ፣ አንዳንዴም ወር ዘሎ።

እዚህ መድረክ ላይ ስለ በሽታው የተጻፈው ብዙ ነው። መድኃኒት ጠፋ፣ ቀጠሮ ተራዘመ፣ ሰው ምን አለ። ሁሉንም አንብቤአለሁ፣ ግማሹን እያለቀስኩ። ዛሬ ሌላ ነገር ልጠይቅ ነው።

መነሻዬ ደብተር ነው። ሐኪሙ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ «መዝግቢ» ብሎኝ ነበር። ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁና በማስመሪያ አምስት ዓምድ አሰመርኩ። ቀን፣ ሰዓት፣ የቆየው፣ በፊት ምን ነበር፣ በኋላስ። ጠቅሞኛል። ለምሳሌ ሌሊት እንቅልፍ ካጣች በማግስቱ እንደሚጥላት ያወቅነው ከዚያ ደብተር ነው።

ባለፈው ሳምንት ሚጡ ቡፌው ላይ አገኘችው። አሁን ማንበብ ችላለች፣ የሱቅ ታፔላ እንኳን አይቀራትም። መሬት ቁጭ ብላ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር።

«እማ፣ ይሄ ደብተር ስለኔ ነው?»

«አዎ።»

«የወደቅኩበት ቀን ብቻ ነው ያለው።»

ዝም አልኩ።

«ያልወደቅኩ ቀን የት ነበርኩ?»

ሽንኩርቱ ረዳኝ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ራሴን እየታዘብኩ ነው። ስትስቅ እንኳ ልቤ «አሁን ይመጣ ይሆን?» ይላል። ደስታውን ሁሉ «ሲሻላት» ለሚባል ቀን አስቀምጬዋለሁ። ቀኑ መቼ እንደሆነ አላውቅም። እሷ ግን ልብስ እየጠበባት ነው።

እና ጥያቄዬ ይሄ ነው። እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? ድግስና ጉዞ ማለቴ አይደለም። ተራ ማክሰኞ ላይ ምን ያስቃችኋል?

የራሴን ልጀምር። ቡና ነው። ጅማ ተቀምጦ ልጅን ከቡና ማራቅ አይቻልም። እኔ ግን እሳት እፈራለሁ። ሰፈራችን አንዲት ሴት አለች፣ በልጅነቷ ጥሏት ምድጃ ላይ ወድቃ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጥሏል። እሷን ባየሁ ቁጥር ምድጃዬን ወደ ጓሮ አወጣለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሚጡ ከቡናው ርቃ፣ ፊቷን ጥላ ፈንዲሻ ስትቆረጥም ኖራለች። መላውን ያመጡት ጎረቤቴ ሀጂያ ናቸው። «እሳቱ ያንቺ፣ የቀረው የሷ» አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ቡናውን የምታጥበው እሷ ናት። ቄጠማ የምትጎዘጉዘው፣ ረከቦቱ ላይ ስኒ የምትደረድረው እሷ። እኔ እቆላለሁ። ከእሳት ወርዶ በረድ ሲል ትንሽ ሰፌድ ላይ አድርጋ እንግዳውን በየተራ ታሸታለች። ዓይኑን ያልጨፈነ ሰው አታልፍም። «አልሸተተህም፣ እንደገና» ትላለች። ትናንት ሀጂያን ሦስት ጊዜ አሸተተቻቸው። ከዚያ ሙቀጫውን ትይዛለች። ስትወቅጥ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ታወጣለች። እኔ ያንን ምላስ ለማየት ብዬ ቡና በቀን ሦስቴ ማፍላት ጀምሬአለሁ። እንቅልፍ የማጣው አሁን እኔ ነኝ።

እስቲ ቀጥሉ።

---

አባት ከአጋሮ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡25

እህቴ፣ «ያልወደቅኩ ቀን የት ነበርኩ» የምትለዋን አንብቤ ስልኩን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ። አሁን ነው የተመለስኩት።

የኔዋ 14 ዓመቷ ነው። የሷ መጣል ሳይሆን መፍዘዝ ነው የነበረው መጀመሪያ። ለጥቂት ሰከንድ ዓይኗ ይቆማል፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ትምህርት ቤት «ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነው» እያሉ አንበርክከዋታል። አንድ ዓመት ሙሉ! እኔም ተቆጥቻታለሁ፣ ይቅር ይበለኝ። በኋላ ክፍል ውስጥ ሲጥላት ነው ነገሩ የገባን። ልጆቹ ወንበር እየገለበጡ ሸሹ። አንዷ ብቻ ሹራቧን አውልቃ ጭንቅላቷ ሥር አደረገችላት። ያቺ ልጅ እስከ ዛሬ ቤታችን እንደ ልጅ ነው የምትገባው። ሹራቡን ግን አልመለስንም፣ ባለቤቴ አጥባ አስቀምጣዋለች።

የኛ ደስታ ኳስ ነው። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ ልጄ 6 ዓመቷ ነበር፣ ትከሻዬ ላይ ሆና ጨፍራለች። አሁን አሰልጣኝ ሆናብኛለች። ሬዲዮ ላይ ጨዋታ እየሰማን ክኒን መውሰጃዋ ሲደርስ «ቅያሪ!» ብላ ትጮሃለች። ውሃ ይዤ የምሮጠው እኔ ነኝ። ከዘገየሁ ቢጫ ካርድ አለ። ካርዱን ራሷ ነች ከካርቶን የሠራችው።

ባለፈው ወር በሁለት ቢጫ ወጥቻለሁ።

---

ቦሳ ቂቶ 21 · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡50

ሃሃሃ በሁለት ቢጫ! ልጅ የለኝም፣ ግን ክሩን እየተከታተልኩ ነው።

---

መንገደኛው · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡15

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ ሁሉ ራስን ማታለል ነው። ሴት ልጅ ናት። ነገ ማን ያገባታል? እሱን አስቡ እንጂ።

---

የሚጡ እናት (ጅማ) · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1፡40

ወንድሜ፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አሁን የሚያስጨንቃት የሒሳብ የቤት ሥራ ነው። እሱን የሚሠራላት ካለህ ላከው።

---

ሦስተኛ ዓመት · ረቡዕ፣ ከረፋዱ 4፡05

ስለ ጋብቻው፦ እኔ የሚጥል በሽታ አለብኝ፣ እጮኛም አለችኝ። ጥሎኝ ስነቃ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ስሜ ማነው?» ነው። አንድ ቀን የሌላ ሰው ስም ጠራሁ። በሽታው ነው አልኳት። እስካሁን አላመነችኝም።

ተማሪ ነኝ፣ እዚሁ ጅማ። ከልጆቹ ወገን ሆኖ የሚጽፍ ስለጠፋ ልጻፍ።

የሚጡ እናት፣ እናቴን አስታወሽኝ። እናቴን እወዳታለሁ። ነገር ግን ከመውደቁ በላይ ያደከመኝ የእናቴ ዓይን ነበር። ማንኪያ ከእጄ ካመለጠ ትነሳለች። ትን ካለኝ ትነሳለች። ሽንት ቤት ከቆየሁ በር ላይ ናት። ሁልጊዜ የምታየው እኔን ሳይሆን የሚመጣውን ነገር ነበር። ልጅ ይሄን ያውቃል። ቃሉ የለውም እንጂ ያውቃል።

ከውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ፣ የኔው ማለቴ ነው፣ የሁሉ ሰው ይለያያል። ከመምጣቱ በፊት የተቃጠለ ጎማ ይሸተኛል። ሌላ ሰው አይሸተውም። ያኔ መሬት ለመቀመጥ ትንሽ ጊዜ አለኝ። ከዚያ ባዶ ነው፣ ሕመምም ፍርሃትም የለም። ከባዱ መንቃቱ ነው። ራስ ምታት፣ ድካም፣ የት እንዳለሁ አለማወቅ። እና ከሁሉም በላይ መጀመሪያ የማየው ፊት። የሚያለቅስ ፊት ካየሁ የሞትኩ ይመስለኛል። ሰው ሁሉ ከብቦ «ውይ ውይ» ካለ ጥፋት ያጠፋሁ ይመስለኛል። የዶርሜ ልጅ ግን አንድ ቀን ስነቃ ምን አለኝ መሰለሽ? «ተነስ፣ ካፌ ሊዘጋ ነው፣ ዛሬ ፓስታ ነው።» በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ቀልሎኝ አያውቅም። ፓስታው ሬንጅ ነበር፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

ፊትሽን ተለማመጂ እህቴ። ሌላ ምክር የለኝም።

---

አኮ መርካቶ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 8፡30

ይሄን የምጽፈው የልጅ ልጃቸው ነኝ። አኮዬ፣ አያቴ ማለቴ ነው፣ አጠገቤ ሆና ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ።

አኮ እንዲህ ትላለች፦ ልጄ፣ እኔ የልጄን ልጅ ነው የማሳድገው፣ 12 ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ጊዜ ክብሪት ስንት ፓኮ ጨረስኩ መሰለሽ። ሲጥላት እጭርና አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ። ቁልፍ አስይዤአለሁ። የሰማሁትን ሁሉ አድርጌአለሁ። አንድ ቀን ክብሪቱ ከንፈሯን አቃጠላት። ስትነቃ «አኮ፣ በሽታው ያቃጥላል እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ክብሪት የምጭረው ለምድጃ ብቻ ነው።

በረመዳን መጾም ፈለገች፣ ጓደኞቿ ሁሉ ይጾማሉ። ሐኪሙ የክኒኑ ሰዓት እንዳይዛባ፣ ሌሊትም እንቅልፍ እንዳታጣ አለ። እና አፍጥር ላይ የሷ ሥራ ሳምቡሳ መጠቅለል ሆነ። የሚጠብሰው ሌላ ሰው ነው፣ እንዳንቺው ቡና። ሦስት ማዕዘኑን እንዲህ አስተካክላ የምትጠቀልል ሰው መርካቶ የለም። ጎረቤት ሁሉ «የሷን ላኩልን» ይላል። ምራቋ በሽታ ያስተላልፋል ብለው ከኛ ቤት ውሃ የማይጠጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ ሳምቡሳዋን ይለምናሉ።

(አኮ «ይሄንን በትልቁ ጻፈው» ብላኛለች። በትልቁ እንዴት እንደሚጻፍ አላወቅኩም።)

---

ነርስ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡20

ከሥራ ገና መግባቴ ነው። ጤና ጣቢያ 11 ዓመት ሠርቻለሁ። ክሩ የሳቅ መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ክብሪት ሲጠቀስ እጄ አላስቻለኝም። አንዴ ልበልና ልውጣ።

ሲጥል በጎን አስተኙ። ጭንቅላት ሥር ለስላሳ ነገር፣ አንገት ላይ የጠበቀ ነገር ካለ ማላላት። አፍ ውስጥ ምንም አይገባም፣ ማንኪያም ጣትም። ምላስ አይዋጥም! ይሄን ስንት ጊዜ ተናገርኩ። እጅና እግር ይዞ ማስቆምም አያስፈልግም። ሰዓት እዩ። 5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳትነቃ በላዩ ከደገማት፣ ወደ ሆስፒታል። ምራቅም አረፋም በሽታውን አያስተላልፍም። አኮ ልክ ናቸው፣ ሳምቡሳውን ብሉ።

ሌላው፣ ብቻችሁን እንደሆናችሁ አታስቡ። ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባጠኑት ጊዜ ከ1,000 ሰው 5 ገደማ ላይ አግኝተውታል። መቶ ሺህ ሕዝብ ያለበት ከተማ ውስጥ 500 ሰው ማለት ነው። የት ናቸው? እኔ እነግራችኋለሁ፣ ጓዳ ናቸው። እንግዳ ሲመጣ የሚደበቅ ልጅ ስንት ቤት አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በትክክል ከታከሙ ከ10 ሰዎች እስከ 7ቱ ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ ይላል። እዚያ ላይ የደረሱ አሉኝ። አንዷ አሁን ባለ ሱቅ ናት። እየገዛሁባት ነው።

---

ብርሃን ነው · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡00

እህቴ እኔ ምክሬ አንድ ነው። ክኒኑን ተይና ልጅሽን ይዘሽ ጸበል ግቢ። ይሄ የሐኪም በሽታ አይደለም።

---

ነርስ ነኝ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡04

እወጣለሁ ብዬ ነበር። መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ አደገኛ ነው። በተለይ ፌኖባርቢታል የሚወስድ ሰው በአንዴ ሲያቆም የማይቆም መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል። በዚህ ምክንያት አልጋ ላይ ያየኋቸውን ልጆች መቁጠር አልፈልግም። መቀነስም ማቆምም ከሐኪም ጋር ነው፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይጥል ከቆየ በኋላ።

---

የሚጡ እናት (ጅማ) · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡10

«ክኒኑን ተይ» ላሉት፦ በቅንነት እንደጻፉት አውቃለሁ። እኔም በሦስተኛው ወር ላይ አድርጌዋለሁ። ክኒኑን ቤት ትቼ 18 ቀን ጸበል ቆየን። በ18ኛው ቀን በአንድ ሌሊት አራት ጊዜ ጣላት። ያኔ ነው እዚያው ያሉ አንድ አባት የተቆጡኝ። «ክኒኑን በጸበሉ ዋጭው! አትዋጪ ያለሽ ማነው?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ሚጡ ጸበልም አላት፣ ክኒንም አላት። ጠዋት ክኒኗን ስትውጥ ፊቷን ኮሶ እንደጠጣ ሰው ታደርገዋለች። ክኒኑ ምንም ጣዕም የለውም፣ ቀምሼዋለሁ። ለኔ ብላ ነው የምትተውነው።

ሦስተኛ ዓመት፣ ያንተን አምስት ጊዜ አነበብኩት። መስታወት ፊት ቆሜ ፊት ስለማመድ ሚጡ ያዘችኝ። «እማ፣ ለምንድነው ጥርስሽን የምታሳይው?» አለችኝ። ፎቶ ልነሳ ነው አልኳት። «አትነሺ» አለችኝ።

---

ሦስተኛ ዓመት · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3፡30

😂 ጎበዝ ልጅ ናት። ጥርሱ ይቀነስ።

---

አባት ከአጋሮ · ሐሙስ፣ ከቀኑ 6፡10

እኔ ደግሞ ሦስተኛ ዓመት የጻፍከውን ለልጄ አነበብኩላት። «አባ፣ እንደዚህ ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም። ከዚያ ብቻዬን ሱቅ ልሂድ አለች። ሱቁ ከቤታችን ሦስት በር ነው። ሳሙና ልትገዛ። ሄደች። በር ላይ ላለመቆም ላሟን ሁለተኛ አለብኳት፣ ላሟም ገረማት። ልጄ ስትመለስ ሳሙናውን ረስታ ማስቲካ ይዛ መጣች።

---

ዘይቱን ላይ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 2፡45

አዲስ ነኝ፣ ሰላም። ልጄ 7 ዓመቷ ነው፣ ከታወቀ ገና አራት ወሩ። ይሄን ክር ካየሁ ጀምሮ ትንሽ ተነፈስኩ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። ጓሯችን ዘይቱን አለ። ልጄ ከእግሯ ይልቅ ዛፍ ላይ ነው ያደገችው ማለት ይቻላል። አሁን ከለከልኳት። ዘይቱኑ በስሎ ይረግፋል፣ እሷ መስኮት ላይ ሆና ታየዋለች። ዛፉን ላስቆርጠው ወይ እያልኩ ነው።

---

የሚጡ እናት (ጅማ) · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

እባክሽ እንዳትቆርጪው! ቁመት እውነት ያስፈራል፣ ላይ ሆና ቢጥላት ሌላ ጣጣ ነው። መውጣቱ ለጊዜው ይቅር። ግን ዛፉ ምን አደረገ? ረጅም እንጨት ጫፉ ላይ ቆርቆሮ ጣሳ እሰሪላት፣ ከሥር ሆና ታውርድ። እኛ እንደዚያ ነው። አንዱ ዘይቱን ጣሳው ውስጥ ይገባል፣ ሦስቱ ጭንቅላታችን ላይ። ወይ ደግሞ ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ላይ፣ እግሯ መሬት የሚነካበት ጋ፣ አንቺ ቆመሽ ተቀመጪበት በያት።

አራት ወር ገና ነው እናትዬ። እኔ በአራተኛው ወር ልጄን ታጥባ እስክትወጣ እንኳ አላምናትም ነበር። አሁንም በር አይቆለፍም፣ ውሃውም በባልዲ ነው፣ ግን ውጭ ሆኜ እዘፍናለሁ፣ እሷም ትመልስልኛለች። ድምፅዋ ከተቋረጠ እገባለሁ። አንድ ቀን ሆን ብላ ዝም አለችና ስገባ በጣሳ ውሃ ተቀበለችኝ።

---

ዘይቱን ላይ · ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡20

ጣሳውን አሁኑኑ እየፈለግኩ ነው። በዚህ ጨለማ። አመሰግናለሁ እህቴ።

---

የሚጡ እናት (ጅማ) · እሑድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ረዘም ያለ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

ዛሬ ጅሬን ሄድን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት። ሚጡ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ልትሄድ ነበር ባለፈው ዓመት፣ «ኃላፊነት መውሰድ አንችልም» ተብላ ቀርታለች። ማን እንዳለ አልጽፍም። እሷ ግን አልረሳችም። ባጃጅ ተኮናትረን ኮረብታውን ወጣን። ጥፋቴን ልናዘዝ፣ መሄድ አልነበረብንም። ቅዳሜ ማታ ጎረቤት ሠርግ ነበር፣ ሙዚቃው እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት አላስተኛትም። ደብተሩ ምን እንደሚል አውቃለሁ። ግን ጠዋት ጫማዋን ራሷ አድርጋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። እንዴት «አይ» ይባላል።

አስጎብኚው ወጣት ልጅ ነው። ስለ ንጉሡ እየነገረን ነው፣ ከ50 ዓመት በላይ እንደገዙ፣ ቁመታቸው እንዴት ረጅም እንደነበር። ሚጡ አንገቷን ወደ ሰገነቱ ቀና አድርጋ ታያለች። ከዚያ እጄን የያዘችበት እጅ ደረቀ። አወቅኩት።

ሣሩ ላይ አስተኛኋት፣ በጎን። ነጠላዬን አጥፌ ጭንቅላቷ ሥር። ሰዓቴን አየሁ። ሌሎች ጎብኚዎች ነበሩ፣ አንዷ ክብሪት ፍለጋ ቦርሳዋን መበርበር ጀመረች። «ተዪው እህቴ፣ በራሱ ያልፋል» አልኳት። ድምፄ ያልተንቀጠቀጠበት የመጀመሪያ ቀን ነው። ሁለት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። ከዚያ እንቅልፍ። ሰው ቀስ በቀስ ሄደ። አስጎብኚው አልሄደም። ምንም አላለም፣ ፀሐዩ እንዳይመታት ብቻ በጥላው ከልሏት ቆመ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ተኛች። ዓይኗን ስትገልጥ የኔን ፊት አየች። ሦስተኛ ዓመት፣ ጥርሱን ቀንሼዋለሁ። «ወይዘሪት፣ እንቅልፍ እንዴት ነበር?» አልኳት። ትንሽ ፈዛ አየችኝ። ልጁን አየችው። ከዚያ፣

«ያመለጠኝ የቱ ጋ ነው?» አለች።

ልጁ ሰዓቱን አላየም፣ እኔንም አላየም። ጉሮሮውን ጠረገ። እኛ ሁለታችን ብቻ ነን ያለነው። «እንኳን ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት በደህና መጣችሁ» ብሎ ከበሩ፣ ከ«ሀ» ጀመረ። ሁሉንም። 50 ዓመቱን፣ ቁመታቸውን። ሚጡ ጀርባዬ ላይ ሆና ሰማች፣ እግሯ ገና አልጠናም ነበር። ሲጨርስ ጥያቄ ካላችሁ አለ። እጇን አወጣች። «ንጉሡ እንደዚህ ረጅም ከሆኑ አልጋቸው ይበቃቸው ነበር?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። አጣርቼ እነግርሻለሁ ብሏታል። ስለዚህ እንመለሳለን ማለት ነው።

ደብተሩ ላይ ማታ ልመዘግብ ስቀመጥ እስክሪብቶውን ወሰደችብኝ። «እኔ ልጻፈው» አለች። «በኋላ» በሚለው ዓምድ ላይ እንዲህ ብላለች፦ «አስጎብኚው ድጋሚ አወራ። ሁለተኛው ይሻላል።»

---

ነርስ ነኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡00

ተረኛ ነኝ፣ ካርድ ክፍል ተደብቄ ነው ያነበብኩት። ምንም አልመክርም። (እንቅልፍ! እንቅልፍ ብቻ።)

---

ብርሃን ነው · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡25

ቅድም የጻፍኩትን አንስቻለሁ ማለት ባልችልም፣ ለልጅቷ እጸልያለሁ። ክኒኗንም ትውሰድ።

---

አኮ መርካቶ · ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

አኮ ታሪኩን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። የአስጎብኚው እናት ማን እንደሆነች አጣራ ብላኛለች፣ ሳምቡሳ ልትልክላት።

---

ዘይቱን ላይ · ሰኞ፣ ከቀኑ 10፡00

ጣሳው ሠራ። 31 ዘይቱን። ልጄ ናት የቆጠረችው። አንዱ ግንባሬን መቶኛል፣ አብጧል።

---

የሚጡ እናት (ጅማ) · ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

31! እንኳን ደስ ያላችሁ። ለግንባርሽ አይዞሽ።

የኛን የዛሬ ልጻፍ። ከትምህርት ቤት ስናመጣት ዝናብ ያዘን። የኛ ሰፈር ጭቃ ደግሞ ሳሙና ነው። እጇን ጥብቅ አድርጌ «ቀስ፣ ቀስ፣ እንዳትወድቂ» እያልኩ ነው የምሄደው። አሁን ደብተሩን ስገልጥ አዲስ መስመር አገኘሁ። በአምስቱም ዓምድ፣ በሷ ጽሑፍ፦

ቀን፦ ሰኞ።
ሰዓት፦ 10፡40።
የቆየው፦ 1 ደቂቃ (መነሳት አቅቷት)።
በፊት ምን ነበር፦ እንዳትወድቂ እያለችኝ ነበር።
በኋላ፦ እማ ሻይ ጠጣች። አሁን ደህና ናት።

ቀሚሴ ገመድ ላይ ነው። በዚህ ዝናብ እስከ ሐሙስም አይደርቅም።